ጭራው ውስጥ የቀረው ብሎን

አውሮፕላን እፈራለሁ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ የኔ ፍርሃት ግን እንደ እናንተ ፍርሃት አይደለም። እናንተ የምትፈሩት ውስጡን ስለማታውቁት ነው። እኔ የምፈራው ስለማውቀው ነው። አሥራ አራት ዓመት አየር ኃይል ውስጥ በመካኒክነት ሠርቻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ተሳፍሬ አላውቅም። አብራሪዎቹ «ና ዛሬ እናንሳህ» ሲሉኝ ሆዴን ያመኝ ነበር። ሰበብ ይመስላቸዋል፤ የምሬን ነው የሚያመኝ። ያ ሁሉ ብረት ሰማይ ላይ የሚቆየው በምን ያህል ቀጭን ሽቦ ታስሮ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሽቦውን የጠመዘዝሁት በገዛ እጄ ነዋ።

መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስሁና ወፍጮ ተከልሁ። ወፍጮ ደግ ነገር ነው። ቢበላሽ ይቆማል እንጂ አይወድቅም። ሰውም ቢሆን ዱቄቱ ሸከረ ብሎ ይቆጣል እንጂ ሕይወቱን አደራ አይሰጣችሁም። ሚስቴ እቴነሽ እህሉን ትመዝናለች፣ እኔ ሞተሩን አስነሣለሁ፤ እንዲህ ሆነን ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በሰላም ኖርን። ሻለቃ አዲሱ እስኪመጡ ድረስ ማለቴ ነው።

ሻለቃ አዲሱ የአማኑኤል ሰው ናቸው። ድሮ አብራሪ ነበሩ፤ ትምህርታቸውን የተማሩት ሩስያ ነው። ሚሌኒየሙን ባከበርን በዓመቱ አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ዱቄት በዱቄት ሆኜ ስወጣ ቢያዩኝ ሳቅ አሉና «አውሮፕላን ገዛሁ» አሉኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ላም ይገዛል፣ ቢበዛ ሚኒባስ ይገዛል። እኔም የመሰለኝ ሚኒባሱን አውሮፕላን ብለው የሚጠሩት ነበር።

አይደለም። የምር አውሮፕላን ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ የፈረሰ የአንድ የበረራ ክበብ ንብረት ነበረች። ሩስያ ሠራሽ፣ ሁለት ሰው በፊትና በኋላ የምታስቀምጥ፣ ወጣት አብራሪዎች ሰማይ ላይ መገለባበጥ እንዲማሩባት የተሠራች ማሠልጠኛ። ዕድሜዋ ከትዳሬ ይበልጣል። ሻለቃው ፈቃዱን ሁሉ ጨርሰው፣ ክንፎቿን አስፈትተው፣ በከባድ መኪና ጭነው የዓባይን በረሃ አሻግረው አመጧት። ከተማችን ስትገባ ክንፎቿ እንደ ሁለት የቤት በር በጎንና በጎን ታስረው ነበር። አንድ ሽማግሌ መኪናውን አስቁመው «የውኃ መሳቢያ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሻለቃው «የለም አባቴ፣ ይበራል» አሏቸው። ሽማግሌው ክንፎቹን አዩ፤ ገመዱን አዩ፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«መካኒኳ አንተ ነህ» አሉኝ ሻለቃው።

«ሻለቃ፣ እኔ እኮ አሁን የወፍጮ ሰው ነኝ።»

«እጅ አይረሳም። ደግሞ እዚህ አገር ሌላ ማን አለኝ?»

የሚያሳዝነው፣ እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ያሳለፍሁት አሮጌው ማረፊያ ሜዳ ዳር በቆርቆሮ ከሠራንላት መጠለያ ውስጥ ነው።

ይቺ አውሮፕላን የምትኖረው በአየር ነው። ሞተሯ የሚነሣው ጋን ከሚያህል ጠርሙስ በሚለቀቅ የታመቀ አየር ነው፤ ጎማዋ የሚታጠፈው በአየር ነው፤ ፍሬኗም የሚይዘው በአየር ነው። አየሩ ካለቀ የያዛችሁት አንድ የሚያምር ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ጎሚስታ ሳሙና በጥብጬ ቱቦ ለቱቦ አረፋ ስቀባ እውላለሁ፤ አረፋው በተነፋ ቁጥር ልቤም አብሮ ይነፋል። አንድ ቀን ኮምፕሬሰራችን ቢበላሽብን ጎረቤታችን ያለ በያጅ በቅን ልቡ የኦክስጅን ሲሊንደሩን በጋሪ አስጭኖ መጣ። «ያው አየር አይደል?» አለ። ሻለቃው ወደ ፈቃድ ወረቀታቸው አጎንብሰው «አዎ፣ ግጠሙት» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ በሁለት እጄ ሲሊንደሩን አቅፌ ተቀመጥሁ። ዘይት የነካው ቱቦ ውስጥ ንጹሕ ኦክስጅን ቢገባ መጠለያውም፣ እኛም፣ ጋሪው ላይ የተጠመደው ፈረስም ያለ ክንፍ እንበር ነበር። በያጁ ቅር አለው። እኔ የዚያን ቀን እራት አልበላሁም።

ሻለቃው አንድ ሕግ ነበራቸው። «የፈታ ይሳፈራል» ይላሉ። መካኒኩ የሠራውን ሥራ ጨርሻለሁ ሲል፣ በመጀመሪያው በረራ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እሱ ካልተቀመጠ አውሮፕላኗ አትነሣም። ሕጉን የነገሩኝ ሞተሩን ፈትቼ ገጥሜ ከጨረስሁ በኋላ ነው። ሆዴን አመመኝ አልኋቸው። «እንግዲያው እስኪሻልህ እንጠብቃለን» አሉ። ሦስት ሳምንት ጠበቁኝ።

በዚህ መኻል እቴነሽ ነገሩን ሰማች። አልጮኸችም፤ እሷ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ነው የሚለው። ሜዳው ድረስ መጣች፤ ክንፉ ላይ ወጥታ የኋላውን ወንበር ቀበቶ በሁለት እጇ ያዘችና ሳብ አደረገችው። አቧራ ቦነነ፤ ጠርዙም ላይ ያለው ክር ተተረተረ።

«ሻለቃ፣ ይኼ ቀበቶ ዕድሜው ስንት ነው?»

«ከአውሮፕላኗ ጋር የመጣ ነው።»

«እኔ በዚህ በቅሎ እንኳ አልጭንበትም። እርስዎ ደግሞ ገልብጠው ሊሰቅሉበት ነው የሚፈልጉት።»

ሻለቃው አንገታቸውን ደፉ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ወርደው አዳዲስ ቀበቶዎች፣ አንድ እሳት ማጥፊያ፣ በባለሙያ እጅ የታጠፉ ሁለት ፓራሹቶች ይዘው ተመለሱ። እኔ የተስፋዬ በር ተዘጋ። ቀበቶው እስኪገኝ ድረስ እድናለሁ ብዬ ነበራ።

ፓራሹት መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ መዝለልም መልመድ ያስፈልጋል። አውሮፕላኗ መሬት ላይ እንደቆመች ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። የወንበሩ ቀበቶ በትከሻ፣ በወገብና በጭን መኻል ያልፋል፤ የፓራሹቱ ቀበቶ ደግሞ በዚያው ሰፈር ያልፋል። እንደ ቄብ ዶሮ ተጠፍሬአለሁ። ሻለቃው «ዝለል» ሲሉ የመስታወቱን ክዳን ወደ ኋላ ገፋሁ፣ አንዱን ዘለበት ፈታሁ፣ ሌላውንም ፈታሁ፣ ክንፉ ላይ ወጣሁ፣ ወደ ሣሩ ዘለልሁ። ኮራሁ።

ሻለቃው ወደ ወንበሩ ጠቆሙ። ፓራሹቱ እዚያው ተቀምጧል። ከወንበሩ ጋር ፓራሹቱንም ፈትቼ ኖሯል የዘለልሁት።

«አሁን ሞትህ» አሉኝ። «እንደገና።»

ሁለተኛ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ቀረ። «አሁንም ሞትህ።» በሦስተኛው ከክንፉ ጫፍ አንሸራተተኝና በአፍንጫዬ ሣር ላይ ተተከልሁ። መሪጌታ ኅሩይ፣ ከሜዳው ማዶ ያሉት የቅኔ መምህር፣ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ቆመው ያዩናል።

«ሻለቃ፣ ይኼ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?» ብለው ጠየቁ።

«እስኪለምድ ድረስ፣ መሪጌታ።»

በዘጠነኛው በሕይወት ወረድሁ። በረራው ለረቡዕ ጠዋት ተቆረጠ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ሥራ እየሠራሁ ነበር። የጭራው አግድም ክንፍ አፍንጫዋን ሽቅብና ቁልቁል የሚያደርግላት ነው፤ አብራሪው የሚይዘው መሪ ዘንግ ከእሱ ጋር በብረት ክንዶች የተያያዘ ነው። በጭራዋ ጎን ያለውን ትንሽ መክደኛ ፈትቼ፣ ክንዴን እስከ ብብቴ አስገብቼ፣ አንድ ያረጀ ብሎን አውጥቼ በአዲስ ተካሁ። አሮጌውን ለአንድ አፍታ ብዬ እዚያው ውስጥ ያለች ጠርዝ ላይ አስቀመጥሁት። ስልኬ ጮኸ። እቴነሽ ናት። የወፍጮው ማዞሪያ ቺንጋ ተበጥሷል፤ ሰው ጤፉን ይዞ ተሰልፏል። መክደኛውን ገጠምሁ፣ ሽቦውን ጠመዘዝሁ፣ እጄን በጋዝ ታጥቤ ሮጥሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሰማዩ እንደ ተወለወለ ነበር። ዝናብ ይጣል እያልሁ ሌሊቱን ስለምን አድሬአለሁ። ውልብልቢቱን በእጃችን እየገፋን ብዙ ጊዜ አዞርነው፤ ዘይት ወደ ሞተሩ የታችኛ ሲሊንደሮች ይወርድና እዚያ ታቁሮ ሞተሩን ይሰብረዋል፣ ስለዚህ ሳይዞር አይነሣም። ከዚያ ሻለቃው አየሩን ለቀቁት። አውሮፕላኗ አስነጠሰች፤ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፤ መሪጌታ ኅሩይ ጥምጣማቸውን በእጃቸው ያዙ። የሜዳው ዘበኛ የሚግጡትን ላሞች አባረረልን።

ደብረ ማርቆስ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም እንደ ሰው ቶሎ ይደክመዋል። ሮጥን፣ ሮጥን፣ የሜዳው መጨረሻ ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ እስኪለይ ድረስ ቀረበ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጠው ባሕር ዛፉ የለም። ከተማው እግሬ ሥር ነበር።

በጉልበቶቼ መካከል መሪ ዘንግ አለ። የፊቱና የኋላው የተያያዙ ስለሆኑ ሻለቃው የሚያደርጉትን ሁሉ የኔው ዘንግ ብቻውን ሲያደርገው አያለሁ፤ ጋኔን የያዘው ይመስላል። እንዳልነካው እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከተትሁ። ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ ከፍ እያልን ሄድን። ታች ሮብ ገበያ የምትባለው ከተማ ታየች። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ገበያው ሊሞላ ነው። በየመንገዱ ነጭ በነጭ ሰው ይጎርፋል፤ የአህዮቹ ጭነት ሳይቀር ይታያል።

የሻለቃው ድምፅ በጆሮዬ መጣ። «አሁን ፍጥነት ሰብስቤ እገለብጣታለሁ። ቀበቶህን አጥብቅ። ኪስህ ውስጥ የሚወድቅ ነገር አለ?»

ኪሴን ዳበስሁ። መሐረብ ብቻ ነው። የሚወድቅ ነገር የለም ልል ስል፣ የሚወድቅ ነገር የሚለው ቃል ሄዶ ሄዶ ጭራው ውስጥ፣ ጠርዟ ላይ አረፈ። አሮጌው ብሎን። አላወጣሁትም።

«ሻለቃ፣ አይገልብጧት» አልሁ። «ሻለቃ፣ በእግዚአብሔር።» ደጋገምሁት። የሚሰማኝ ግን የለም፤ ለመናገር የሚጫኑትን ቁልፍ አልተጫንሁትም። ሻለቃው ዝምታዬን «የለም» ማለት አድርገው ወሰዱት። አፍንጫዋ ቁልቁል አለ። ገበያው ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ከዚያ ዘንጉ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ መጣና ቀጥ አለ።

ሻለቃው ሳቡት። ቀጥ አለ። መለስ አድርገው እንደገና ሳቡት። እዚያው ላይ ቀጥ አለ።

ሞተሩን ቀነሱ፤ ባለችው ግማሽ ይዘው ቀስ፣ ቀስ እያደረጉ አቀኗት። አፍንጫዋ የተነሣበት ጊዜ ምናልባት የአንድ አቡነ ዘበሰማያት ግማሽ ቢሆን ነው። እኔ ሙሉ ዳዊት የደገምሁ መሰለኝ። ገበያተኛው ቀና ብሎ ሲያየን ፊቱን ለየሁ። ከዚያ ከላያቸው አለፍን።

አሁን ቁልፉን አገኘሁት። «ሻለቃ፣ ጥፋት አለብኝ።»

«ተናገር።»

«ጭራው ውስጥ ብሎን ረስቻለሁ። ትናንት።»

ዘንጉን ደግመው ሞከሩት፤ እዚያው ላይ ቀጥ አለ።

«ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ትንሽ ነው።»

«ትልቅ ቢሆን ይሻል ነበር» አሉ። «ትልቁ የትም አይገባም።» ቀጥለውም፣ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው በረጋ ድምፅ፣ «እንዲህ ከሆነ ስናርፍ አፍንጫዋን ማንሣት አልችልም። ከፍታ አለን። መዝለል ትችላለህ፤ ተለማምደሃል» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

«ባዶዋን ብተዋት የት እንደምትወድቅ አላውቅም። ታች ሰው አለ።»

ደግ ለመምሰል ብዬ አልዋሻችሁም፤ እጄ ዘለበቱ ላይ ሄዷል። የትኛው ዘለበት እንደሆነ ግን ማስታወስ አቃተኝ። ስምንት ጊዜ የሞትሁበት ትዝ አለኝ። እጄን መለስሁ፤ ፍርሃቴም፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከሆዴ ወጥቶ ወደ ጭንቅላቴ ሄደና ሥራ ጀመረ። ያንን ጭራ አውቀዋለሁ። ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼበታለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቶቼ አየሁት፤ ጠርዟ በግራ ናት፣ የብረቱ ክንድ መኻል ላይ ነው፣ በቀኝ በኩል ባዶ ነው።

«ሻለቃ፣ ዘንጉን ወደፊት ትንሽ ይግፉት፤ ክንዱ አፉን ከፍቶ ብሎኗን ይለቃታል። ያኔ ወደ ቀኝ ጋደም አድርገው በእግርዎ ጭራዋን ያነቃንቁልኝ። አይገልብጧት ብቻ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ደህና» አሉና ከገበያው ርቀው፣ ከግጦሽ መሬት በላይ፣ ጋደም አደረጓት። ክንፉ መሬቱን ጠቆመ። ጭራዋ ግራ ቀኝ ተወዛወዘ፤ ከኋላዬ፣ ከሞተሩ ድምፅ በታች፣ አንዲት ትንሽ ነገር ቆርቆሮ ላይ ስትንከባለል ሰማሁ። ሻለቃው አቀኗትና ዘንጉን በቀስታ ሳቡት። ወደ እኔ መጣ። ግማሽ ላይ ደረሰ። አለፈ። ሆዴን ነካኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ዘንግ ሆዴን የነካኝ ነገር የለም።

ብሎኗ መልሳ እንዳትገባ ብለው፣ እንቁላል የተሸከሙ ይመስል እያባበሉ መለሱን። ሜዳው ላይ ላሞቹ ተመልሰው ነበር፤ ዘበኛው በነጠላው እያራገበ በተናቸው። አንዴ ነጠርን፣ አረፍን፣ ፍሬኑ ፉጨቱን እያሰማ ያዘ። ቆምን።

ሻለቃው ወዲያው አልወረዱም። ቆየት ብለው ቀበቶአቸውን ሲፈቱ፣ መጀመሪያ የፈቱት የፓራሹቱን ነበር።

«ሻለቃ» አልኋቸው፣ «አሁን ሞቱ።»

ያን ጊዜ ነው የሳቁት። ሲስቁ ዕንባቸው ወረደ። እኔ ክንፉ ላይ ወጣሁና እዚያው ተቀመጥሁ።

መክደኛውን ፈታነው። ብሎኗ በቀኝ በኩል ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ ጎኗ ላይ ብረቱ የነከሳት ምልክት አለ። ሻለቃው አንሥተው መዳፌ ላይ አኖሯት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መሪጌታ ኅሩይ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ደረሱ።

«ምነው ቶሎ ወረዳችሁ?» አሉ።

መዳፌን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጥቂት አሰቡና ወደ ተማሪዎቻቸው ዞረው «‹ውረዱ ብሎን ወረድን› በሏቸው» አሉ። ተማሪዎቹ ወርቁን ለማውጣት ብዙም አልደከሙ፤ መዳፌ ላይ እያብረቀረቀ ነበር።

ለእቴነሽ ራሴ ነገርኋት። ሌላ ሰው ነግሯት ከሚጠብቀኝ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሻላል ብዬ ነው። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ከዚያ ተነሥታ ቺንጋ ተበጠሰ ብላ የደወለችበትን ስልክ ከመሶቡ ላይ አንሥታ አጠፋችው። «ሜዳ ስትሄድ ያንተንም አጥፋ» አለችኝ። ሌሊት ግን እጄን ይዛ ነው ያደረችው።

ሳምንቱን ሙሉ ወፍጮዬን ስፈጭ ሰነበትሁ። ሻለቃው ሌላ መካኒክ ይፈልጋሉ ብዬ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። በሳምንቱ መጡና ከጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ነገ እንወጣለን» አሉ።

«ሻለቃ፣ እኔ እኮ ልገድልዎት ነበር።»

«በሥራ ዘመኔ ስንት መካኒክ ነበረኝ። የረሳ አለ፤ ረሳሁ ያለኝ ግን የለም። እነሱ ሲረሱ የሚነግረን ሬሳ አንሺው ነው።» ከጆንያው ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ። «ሌላ ባመጣ፣ የሚደብቀኝን ነው የማመጣው።»

በማግሥቱ ጭራውን ፈትቼ፣ በባትሪ አይቼ፣ በእጄ ዳብሼ፣ ዘግቼ፣ እንደገና ፈትቼ አይቼ ዘጋሁ። ከኋላ ተቀመጥሁ። ከግጦሹ መሬት በላይ ሻለቃው ኪሴን ጠየቁኝ፤ ቁልፉን ተጭኜ «የለም» አልሁ። ገለበጧት።

ከዚያ ወዲህ ወፍጮ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ያን ነገር ይጠይቀኛል። ዓለም ተገልብጣ ምን ትመስላለች? እኔም እነግራቸዋለሁ፤ ጮቄ ከራሴ በላይ እንደተንጠለጠለ፣ ወንዞቹ ሽቅብ እንደሚፈስሱ፣ ገበሬው ከነበሬው ከላይ ሆኖ ወደ እኔ እንደሚያርስ። ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማኛል፤ ጤፉ ተፈጭቶ እንኳ አይሄድም።

ለእናንተ ግን ልናዘዝ። አንዱንም አላየሁም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይኔን ጨፍኜ፣ በቀበቶዬ ተንጠልጥዬ፣ ጆሮዬን ወደ ጭራው ጥዬ ሳዳምጥ ነበር።

ምንም አልተንኳኳም።